የስኖውሞቢል ብልሽት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ስኖውሞቢል፣ ማለትም ከፊት በስኪ (በመንሸራተቻ)፣ ከኋላ በትራክ (ከሥሩ በሚዞር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት) በበረዶ ላይ የሚሄደው ማሽን፣ ከሞተር ብስክሌት ጋር ብዙ የሚጋራው ነገር ቢኖርም ብልሽቱን ለየት የሚያደርጉት ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛው የሞተሩ ኃይል ወደ ትራኩ የሚተላለፈው ስፋታቸው በሚለዋወጥ ሁለት ፑሌጃዎች መካከል በሚዞር የጎማ ቺንጋ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቹ ማሽኖች ሙቀታቸውን የሚያበርዱት ትራኩ ከሥር እየረጨ በሚያመጣው በረዶ መሆኑ ነው። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከእነዚህ ከሁለቱ ወይም ከቆየ ቤንዚን ስለሆነ፣ ዕቃ ለመለወጥ ከመቸኮል በፊት ምልክቱን በጥሞና ማንበብ ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል። የመጥበቂያና የመላያ ልኮች ከማሽን ማሽን ስለሚለያዩ የአምራቹ መጽሐፍ ከእጅ ሊለይ አይገባም።

ማንኛውም ፍተሻ የሚጀመረው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን በመንቀልና ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ በመጠበቅ ነው። የኋላው ክፍል ተነሥቶ ትራኩ የሚዞር ከሆነ ማሽኑ በጠንካራ መቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት። ከትራኩ የሚፈናጠር የበረዶ ስብርባሪ ወይም የላላ የብረት ጥርስ ሰው ሊገድል ስለሚችል ከኋላ ማንም አይቁም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳትም በማይታይና በማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ለመታፈን ራስን ማጋለጥ ነው።

ምልክት፦ ሞተሩ አይነሳም

በመጀመሪያ የሚታየው ምንም ወጪ የማይጠይቀው ነገር ነው፤ በመሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ተጭኖ እንደሆነና ከነጂው ልብስ ጋር የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድ በቦታው በሚገባ ገብቶ እንደሆነ ይታይ። ይህን ሳያዩ ካርቡሬተር መፍታት የጀመሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ ካንዴላውን አውጥቶ መመልከት ነው። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር አልደረሰም ማለት ነው። የታንኩ መተንፈሻ በበረዶ ተደፍኖ፣ በቱቦው ውስጥ ያለ ውኃ በብርድ ረግቶ (በረዶ ሆኖ) ወይም በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ቀዳዳ ከበጋ በቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ለረጋ ውኃ ማሽኑን ሞቅ ወዳለ ቦታ ማስገባትና አምራቹ የሚፈቅደውን የነዳጅ ማድረቂያ አልኮል መጨመር ይበቃል። ለተደፈነ ቀዳዳ ግን ካርቡሬተሩን አውርዶ በማጠቢያ ፈሳሽና በተጨመቀ አየር ከማጽዳት በቀር አቋራጭ የለም፤ ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር ልኩን ያበላሸዋል። ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ቤንዚን ጠጥቷል፤ ቾኩን (በብርድ ለማስነሳት ቤንዚኑን የሚያበዛውን) ከሥራ ውጭ አድርጎ፣ የቤንዚን መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ የማስነሻውን ገመድ ጥቂት ጊዜ መሳብና ደረቅ ካንዴላ ማስገባት ያስፈልጋል።

የካንዴላው ቀለም ከዚህም በላይ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጤናማ ነው፤ ጥቁርና ቅባታም ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል። ነጭ ሆኖ የተገኘ ካንዴላ ግን በሁለት ምት (ቤንዚንና ዘይት አብሮ በሚያቃጥል) ሞተር ላይ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር አንሷልና ፒስቶኑ በሙቀት ሊቀልጥ ወይም ሊነክስ (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል። ምክንያቱ፣ ማለትም የተደፈነ የነዳጅ መንገድ ወይም አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ጎማ፣ እስኪገኝ ድረስ ማሽኑ አይነዳ። ዘይትና ቤንዚን በእጅ በሚቀላቀልባቸው የቆዩ ሞዴሎች መጠኑ በግምት አይሆንም፤ 50 ለ1 ከተባለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 40 ለ1 ከተባለ 25 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው።

በቁልፍ የሚነሳ ማሽን ከሆነና ማስነሻው ደከም ብሎ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ሊሆን ይችላል። ባትሪ በብርቱ ብርድ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ደግሞ ውስጡ በረዶ ሆኖ ይረጋል፣ ይሰነጠቃልም። የረጋ ባትሪ ከመሞቁ በፊት ፈጽሞ ቻርጅ አይደረግም።

ምልክት፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ማሽኑ ግን አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። የተቃጠለ ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው እንጂ በሽታው አይደለም፤ ምክንያቱን ሳያገኙ አዲስ ቺንጋ ማስገባት አዲሱንም ማቃጠል ነው። ስለዚህ የወጣው ቺንጋ ከመጣሉ በፊት በብርሃን ይታይ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተበልቶ እንደ ወገብ የቀጠነ ከሆነ፣ ትራኩ ሳይዞር ፑሌጃው በቦታው ፈግጎታል። ይህ የሚሆነው ትራኩ ከመሬት ጋር በረዶ ይዞት ወይም ማሽኑ በጥልቅ በረዶ ተቀብሮ ሳለ ቤንዚን ሲሰጥ ነው፤ መፍትሄው ትራኩን አስቀድሞ ማላቀቅ ነው። ሁለቱም ጎኖቹ እንደ መስታወት ካብለጨለጩ ቺንጋው በሙሉ ዙሪያው ሲንሸራተት ቆይቷል፤ ፑሌጃዎቹ ዘይት ወይም የጎማ ዱቄት ነክቷቸው እንደሆነ ታይቶ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጉ፣ ቺንጋው ራሱም በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። በአንድ ጎኑ ብቻ ክሩ ከተቦጫጨቀ ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው፤ የሞተሩ መቀመጫ ቡሎኖችና ጎማዎች ላልተው እንደሆነ ይፈተሹ። ምንም ጉዳት ሳይታይበት ስፋቱ ከአዲሱ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ካነሰ ግን በዕድሜው አልቋልና መለወጥ ብቻ ነው።

ቺንጋው መንገድ ላይ ከተበጠሰ፣ አዲሱን ከማስገባት በፊት ክሮቹን ከየስርቻው መልቀም ያስፈልጋል። ከሁለተኛው (ትራኩን ከሚያዞረው) ፑሌጃ ጀርባ ባለው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ክር የዘይት መያዣውን ጎማ ሊቆርጥ ይችላል፤ ከፍሬኑ አካባቢ ደግሞ የተረፈ ቁራጭ እንዳይኖር ጣትን አስገብቶ መዳሰስ ጥሩ ነው። አዲሱ ቺንጋ ጽሑፉ በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲነበብ ሆኖ ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር ገደማም በለዘብተኛ ፍጥነት፣ ቤንዚን ድንገት ሳይጫኑ መንዳት ዕድሜውን ያረዝመዋል። በብርድ ያደረ ቺንጋ ደረቅ ስለሆነ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቆ መነሳት ልማድ ይሁን። የፑሌጃው መሸፈኛ ተነሥቶ ሞተር ማስነሳት የማያወላዳ ክልክል ነው፤ በሙሉ ፍጥነት የተበጠሰ ቺንጋ የሚመታው በጥይት ኃይል ነው።

ምልክት፦ የሙቀት መብራት ይበራል፣ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል

በፈሳሽ የሚቀዘቅዙ ማሽኖች ራዲያተራቸው ከመቀመጫው ሥር፣ ከትራኩ በላይ ባለው ዋሻ ውስጥ ነው። ትራኩ ልል በረዶ እየረጨ ካላረጠበው ፈሳሹ አይበርድም። ስለዚህ በረዶ በሆነ ሐይቅ ወይም ተደልድሎ በጠጠረ መንገድ ላይ መብራቱ ቢበራ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ መደናገጥ አይገባም፤ ፍጥነት ቀንሶ ወደ መንገዱ ዳር፣ ልል በረዶ ወዳለበት መውጣት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያበርደዋል። ትራኩ የሚንሸራተትባቸው የፕላስቲክ ሐዲዶችም በበረዶ ካልለሰለሱ ይቀልጣሉና ሽታው የሚመጣው ከዚያው ምክንያት ነው። ዘወትር በጠጣር መንገድ የሚሄድ ሰው በረዶውን እየጫሩ ወደ ሥር የሚበትኑ የብረት ዘንጎች ቢያስገጥም ይጠቅመዋል፤ ብዙዎቹ ግን ወደ ኋላ ከመሄድ በፊት መነሣት እንዳለባቸው አይርሳ።

ልል በረዶ እያለም ሙቀቱ ካልወረደ የፈሳሹ መጠን፣ በመስመሩ የተያዘ አየር፣ ቴርሞስታቱና የውኃ ፓምፑ በየተራ ይመረመሩ። የትኩስ ፈሳሽ ክዳን አይከፈት፣ በጋለው ሞተር ላይም በረዶ አይከመር። በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ ደግሞ የማራገቢያው ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይጥፋ።

ምልክት፦ ትራኩ አይዞርም፣ ያንኳኳል ወይም ወደ ጎን ይሄዳል

የማይዞር ትራክ አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ ተይዟል። በቤንዚን ከመጎተት ይልቅ ሞተሩ ጠፍቶ የኋላውን ክፍል ብድግ አድርጎ መጣል፣ ማሽኑንም ወደ ግራና ቀኝ መወዝወዝ ይሻላል። ከማቆም በፊት በረዶውን ማራገፍና በሳንቃ ላይ ማሳደር ችግሩን ከሥሩ ያስቀረዋል። ቤንዚን ሲሰጥ ጥርስ እንደዘለለ የሚያንኳኳ ከሆነ ትራኩ ላልቷል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ ፍጥነት ይበላል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ትራክ ወደ ላላው ጎን ስለሚሸሽ፣ ወደ ግራ ከሄደ የግራው፣ ወደ ቀኝ ከሄደ የቀኙ የኋላ ማስተካከያ ቡሎን ሩብ ዙር እየተዞረ ይጠበቃል፤ ከእያንዳንዱ ማስተካከያ በኋላ ትራኩን ቀስ ብሎ አዙሮ ማየት ግድ ነው።

ምልክት፦ ማሽኑ ከመሪው ውጭ ወዲህና ወዲያ ይላል

ከስኪዎቹ ሥር ያለው የብረት ምላጭ ደንዝዟል ወይም ስኪዎቹ ትይዩነታቸውን አጥተዋል። ምላጩ በጥፍር ሲዳሰስ ስለቱ ካልተሰማ ይለወጥ።

ምልክት፦ የቤንዚን መስጫው ሲለቀቅ ወዲያው አይመለስም

ይህ እንደሌሎቹ ቀስ ተብሎ የሚጠና ችግር አይደለም። በጉዞ ላይ ከደረሰ ወዲያው ማጥፊያው ይጫን ወይም ገመዱ ይነቀል። መንስኤው በገመዱ ሽፋን ውስጥ የገባ እርጥበት መርጋቱ፣ የገመዱ መሰለል ወይም በካርቡሬተሩ ውስጥ የተጋገረ በረዶ ነው። የሰለለ ገመድ ይለወጣል፤ የረጠበው ሞቅ ባለ ቦታ ደርቆ ለብርድ የሚሆን ቅባት ይገባዋል። ማሽኑን በየጠዋቱ ከማስነሳት በፊት መስጫውን ጥቂት ጊዜ ጭኖ መልቀቅና በራሱ ፈጥኖ ሲመለስ መስማት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ የፍሬኑ ማንሻ ይለሰልሳል፣ እስከ መያዣው ይደርሳል

በመስመሩ አየር ገብቷል፣ ወይም የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲግል እየፈላ ነው። አየሩ ይውጣ፣ ዘይቱ በአምራቹ በተመለከተው ዓይነት ይለወጥ፣ የፍሬን ሸራው ውፍረትም በዚያው ይታይ። ማንሻው ጠንክሮ እስኪይዝ ድረስ ማሽኑ ከቆመበት አይንቀሳቀስ።