ለክትፎ ቡታጅራ ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጓደኞቼ «እስቲ ከከተማ ወጣ እንበል» ሲያሰኛቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። እኔም አብዛኛውን ጊዜ በዓለም ገና በኩል እወስዳቸዋለሁ። መልካ ቁንጡሬ (የቅድመ ታሪክ ቦታው)፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ፣ ቡታጅራ ላይ ምሳ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ከአዲስ አበባ በዋናው አስፋልት ደርሶ መልሱ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እስካሁን አልሰለቸኝም። ሰዉ የሚሠራው ስህተት ግን ሰልችቶኛል።

ከሁሉ የሚብሰው የምሳው ነው። የዓድዋ በዓል ሥራ ዝግ ነው ተብሎ የካቲት 23 ለክትፎ ይወጣል። የካቲት 23 እኮ ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው! አንዴ ስድስት ሆነን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ወሬው ክትፎ ብቻ ነበር። ጥሬ ይሻላል ለብለብ፣ አይቡ ይብዛ ጎመኑ። ቡታጅራ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ አስተናጋጇ «ዛሬ የጾም ብቻ ነው ያለን» አለችን። ይባስ ብሎ ከስድስታችን አራቱ ጾመኛ መሆናቸው ያኔ ታወቀ። ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ስለ ክትፎ ስትከራከሩ ምን ነክቷችሁ ነው? ሽሮ በልተን ተመለስን። ሽሮ ደግሞ እቤቴም አለ።

ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕረ ሐሳቡን እዩ። ረቡዕና ዓርብንም አትርሱ። ከተማው የሙስሊም ምግብ ቤቶችም ስላሉበት በጾም ቀን ሥጋ ጨርሶ አይጠፋም። ረመዳን ከሆነ ግን እነሱም ቀን ላይ ሊዘጉ ይችላሉ። የምታውቁት ቤት ካለ ጢያ ላይ ሆናችሁ ደውላችሁ እዘዙ። ጥሩ ክትፎ ሲታዘዝ ነው የሚከተፈው። ማድ ቤት በር ላይ ቆሞ «ደረሰ ወይ?» ማለት አያፈጥነውም።

አርፍዶ መውጣት። «ጠዋት 12 ሰዓት» ተባብሎ 3 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው አራቱንም ቦታ አያዳርስም። ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ ሰዓት የሚያሰላም የገበያ ቀን አላጋጠመውም ማለት ነው። በሬው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ እንጨት የጫነችው አህያ፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው። አዳዲ ማርያምም ከቅዳሴ በኋላ በሯ ሊቆለፍ ይችላል። ያኔ ቁልፍ የያዙትን አባት ማስፈለግ ይመጣል።

አዳዲን ካነሳሁ የራሴንም ልናዘዝ። ከአለት የተፈለፈለችው ይህች ቤተ ክርስቲያን ከዋናው አስፋልት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ትላለች። አንድ ሐምሌ ላይ ኮረኮንቹን ይዤ ስሄድ ለጋሪ ላሳልፍ ብዬ ጎማዬን ከመንገዱ ጠርዝ አወረድኩ። ጠርዙ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይይዛል። ነዳጅ ስሰጠው ጎማው እየዞረ ራሱን ቀበረ። እልህ ይዞኝ ደግሜ ሰጠሁት። ዋናው ስህተት ይኸኛው ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ መኪናው በሆዱ ተኛ። የአካባቢው ወጣቶች ድንጋይና ጭድ ከጎማው ሥር ጠቅጥቀው፣ እየገፉ አወጡኝ። የግራ ጫማዬ እዚያው ቀረ። በክረምት ከገባችሁ መሃሉን አትልቀቁ። ጋሪው ይጠብቃል።

ጢያ ላይ ትክል ድንጋዩን ተደግፎ ፎቶ መነሳት። በቦታው 36 ድንጋዮች አሉ፤ በፈረንጆቹ 1980 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ከሥራቸው ደግሞ ሰው ተቀብሯል። ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች ጎንበስ ብላችሁ ቁጠሩ እንጂ መቃብር አትደገፉ።

ከመስኮት ከረሜላ ወይም ባዶ ሃይላንድ መወርወርን ተዉ። ልጆቹ ለማንሳት የሚሮጡት ከኋላችሁ ወደሚመጣው አይሱዙ ነው።

ቴሌብር አለኝ ብሎ ጥሬ ብር አለመያዝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ትኬት ቆራጩ ምን ያድርግ?

ስኮርት ጎማ ነፋስ እንዳለው ሳያዩ መነሳት። ክሪክ ኖሮ ጎማው የተነፈሰ ሲሆን ንዴቱ እጥፍ ነው።

የመንገዱን ሰላም በትናንት ወሬ መገመትም አይሆንም። በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ እነሱ ያውቃሉ።

የመጨረሻው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ፣ በጨለማ መመለስ ነው። ጋሪ መብራት የለውም። አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወይም የተደረደረ ድንጋይ ካያችሁ ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ፤ ከፊት የተበላሸ የጭነት መኪና ቆሟል ማለት ነው። አንዳንዱ ሹፌር ደግሞ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ድንጋዩን እዚያው ይተወዋል።