ለትልቅ ሞዴል የሌጎ ጡብ ስትገዙ

አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም የድንጋይ ድልድይ ሞዴል በሌጎ፣ በሚገጣጠሙት የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች፣ ልሠራ ስነሣ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ግዢ ነበር። ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ መቁጠር ነበረብኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጡቡ አናት ላይ ካሉት ጉብታዎች ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ከፍታ 9.6 ነው። ባለ 2 በ4 ጡብ፣ ማለትም በወርዱ 2 በርዝመቱ 4 ጉብታ ያለው፣ በርዝመቱ ሲቀመጥ 32 ሚሊ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ 1 ሜትር የሚረዝም፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ግድግዳ በአንድ ረድፍ 31 ገደማ ጡብ ይፈልጋል። ረድፉም ያው 31 ነው። ወደ 960 ጡብ ማለት ነው።

ድልድይ ግን ቅስት አለው፤ በወረቀት አይዘለቅም። ስቱዲዮ የሚባለው የብሪክሊንክ (ብዙ ሻጮች የሌጎ ቁራጭ የሚሸጡበት የኢንተርኔት ገበያ) የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ነው። እዚያ ላይ ሥሩት፤ የቱ ቁራጭ በየትኛው ቀለም ስንት እንደሚያስፈልግ ራሱ ይዘረዝርላችኋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። ያገለገለ ግራጫ ጡብ ከሁለት ሰዎች በኪሎ ገዛሁ። ግራጫ ያው ግራጫ ነው ብዬ። ማታ በአምፖል ስገጣጥም ደስ ብሎኛል። ጠዋት መስኮት አጠገብ ሳየው ድልድዬ የተጣፈ ሱሪ መስሏል። ለካ ሌጎ በ2004 አካባቢ ግራጫዎቹን ቀይሯቸዋል፤ አሮጌው ወደ ቢጫ ያደላል፣ አዲሱ ወደ ሰማያዊ። ብዙ ሻጭ ይህን አይለይም። ስለዚህ በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ ጠይቁ። ከተቻለ ትንሽ ገዝታችሁ እጃችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ነጭ ከሆነ ደግሞ የወየበ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ፀሐይ ያበላሸዋል።

አሮጌውን ግራጫ ግን አልጣልኩትም። ድልድዩ ሆድ ውስጥ ገባ። ለማይታየው ክፍል ቀይም ይሁን አረንጓዴ፣ ርካሹን ግዙ። ገንዘባችሁን ለሚታየው ክፍል ቆጥቡ።

ትእዛዛችሁን ሁለት ሦስት ሱቅ ላይ ሰብስቡ። እኔ ዋጋ ላወርድ ብዬ ዘጠኝ ሱቅ ላይ በትኜ፣ ያተረፍኩትን ሁሉ የመላኪያ ክፍያ በላው። ዕቃው ሲደርስ አንድ በአንድ አትቁጠሩ፤ መዝኑት። አንዱ ባለ 2 በ4 ጡብ 2.3 ግራም ገደማ ነው። 500 ካዘዛችሁ ሚዛኑ ወደ 1 ኪሎ ከ150 ግራም ማለት አለበት። በደንብ ከጎደለ ያኔ ቁጠሩ።

ያገለገለውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ትንንሾቹን፣ በተለይ ባለ 1 በ1ዎቹን፣ ከዝርዝሩ አሥር በመቶ ጨምሩና እዘዙ። ሶፋ ሥር ገብተው የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ስታስቀምጡ በቅርፅ ለዩ እንጂ በቀለም አትለዩ። ቀለም ከሩቅ ይታያል። አንድ ሣጥን ሙሉ ግራጫ ውስጥ አንዲት ግራጫ ቅስት ስፈልግ ያመሸሁበት ቀን አለ።