በአዲስ ሰፈር ንግድ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ወደ ዳር እየሰፋች ነው። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ሠራተኛ ቤት የሚከራይባቸው ሰፈሮች በዝተዋል። ሱቁም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ቁርስ ቤቱም ሰው ተከትሎ ይመጣል። ዓመት ሳይሞላቸው የሚዘጉትን ባየሁ ቁጥር እቆጫለሁ፤ ብዙዎቹ መትረፍ ይችሉ ነበርና።

ጎረቤት የከፈተውን መክፈት። በአንድ መንገድ ላይ አምስት ሱቅ ያንኑ ዘይትና ሳሙና ደርድሮ ይፋዘዛል፤ ጫማ የሚያሰፋ ሰው ግን ባጃጅ ተሳፍሮ መሀል ከተማ ይወርዳል። ቤት ከመከራየትዎ በፊት አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እዚያው ይቁሙ። ሰዉ ከሌላ ቦታ ገዝቶ የሚገባውን ይዩ፣ ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ደሴ የሠራውን እዚህ መድገም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ብርዱ የሚያቆየው ወተት እዚህ በቶሎ ይበላሻል። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ጥቂት ጥቂት ያስመጡ።

በቃል መከራየት። ውሉ ይጻፍ፣ የኪራይ ዘመኑም ይጠቀስ። አለዚያ ሱቁ ሲደራ ኪራዩም ይጨምራል።

ዱቤን ያለ ደብተር መስጠት። ዱቤ አልሰጥም ማለት አያዋጣም፤ ደመወዝተኛ ወሩን የሚገፋው በዱቤ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው «ለጎረቤቴማ አልጽፍም» ከሚለው ይሉኝታ ነው። የማውቃቸው አንዲት እናት ለወራት በቃል ሲሰጡ ቆይተው ተከራዩ ጓዙን ጭኖ ሄደ፤ የቀረው ሒሳብ የስንት ቀን ዳቦ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም። ሁለት ደብተር ያዘጋጁ፤ አንዱ ከእርስዎ፣ አንዱ ከደንበኛው ዘንድ ይቀመጥ፣ በአንድ ጊዜም ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሰው ገደብ ያብጁለት፤ ያለፈው ወር ሳይከፈል የሚቀጥለው አይጀመር። ይህን በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ ከተናገሩት ማንም አይቀየምም። ዘግይቶ ሲነገር ግን ያኳርፋል።

የሰፈሩን ጾም አለማወቅ። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራል። በረመዳን ቀን ቀን ገበያው ይቀዘቅዝና ከአስር ሰዓት በኋላ ሳምቡሳና ተምር የሚፈልገው ይሰለፋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ቅቤ ያልገባበት ሽሮ ያዘጋጁ፤ ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ይሁን። ሰው ይህን ያስተውላል።

ከቅሬ፣ ማለትም ከሰፈሩ እድር፣ መራቅ። «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ማታ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» ብሎ የሚርቅ አለ፤ ይህን ስህተት ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ። ቤቱን በተከራዩበት ሳምንት የቅሬውን ኃላፊዎች ጠይቀው ይመዝገቡ። ቀብር ባለበት ዕለት ሱቁን ዘግተው ይሂዱ፣ ድንኳን ሲተከልም አንድ እንጨት ይያዙ። የሟች ቤት ስኳርና ቡና ሲያጣ በሌሊትም ቢሆን ይክፈቱላቸው፤ ሒሳቡ ከሠልስቱ በኋላ ይደርሳል።