በጾም ወራት የስኳር ታማሚዎች የሚሠሯቸው የሰዓት ስህተቶች

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል በነርስነት ሳገለግል ብዙ ስህተት በትዕግሥት አልፌአለሁ፤ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም የሚደገመው አንዱ ግን ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። እርሱም ምግቡን ወደ 9 ሰዓት አዛውሮ መድኃኒቱን በድሮው ሰዓት መውሰድ ነው።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ክኒን ስለሆነ፣ ሆድ ባዶ ቢሆንም ሥራውን አያቆምም። ደመና የሚመስለው ኤንፒኤች ኢንሱሊንም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጋ ኃይሉ የሚበረታው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ጾመኛው ገና እህል ባልቀመሰበት ጊዜ ነው። አንዲት እናት በቅዳሴ መካከል የደም ስኳራቸው ወርዶ ላብ አጥምቋቸው ሲንቀጠቀጡ፣ አጠገባቸው የነበሩት ድካም መስሏቸው በነጠላ ሲያናፍሷቸው ቆዩ፤ በውኃ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲቀርብላቸውም ጾሜን አልገድፍም ብለው እምቢ አሉ። ክኒኑን አንድም ቀን እንዳያስታጉሉ አደራ ያልኳቸው እኔ ነበርኩ፤ ይጾሙ እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጠኑንም ሰዓቱንም ማስተካከል ያስፈልጋል፤ መጾም የለብዎትም የተባለ ሰው ደግሞ ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ያማክር። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከወረደ፣ ሰዓቱ ስንትም ቢሆን ጾሙ በዚያው ይቋረጣል።

መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ጨርሶ ማቆምም ያው ጥፋት ነው።

በ9 ሰዓት ከተበላ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ትልቅ ማዕድ መቅረቡ ሌላው ስህተት ነው። ሰውነት ጠዋት ላይ ስኳርን የሚያስተናግደውን ያህል ሌሊት አያስተናግድም፤ እንቅልፍን የሚያመጣው ሜላቶኒን ሲጨምር የኢንሱሊን አመነጫጨት ስለሚቀንስ፣ ያው አንድ እንጀራ በምሽት የደም ስኳርን አብልጦ ከፍ ያደርጋል። እኔም የሌሊት ተረኛ ስሆን ይህንኑ እያወቅሁ እበላለሁ።

ጾምን በጭማቂ መፍታት አይመከርም፤ ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሞ እንጀራውን ማስከተል ይሻላል።

በባዶ ሆድ ለሚደረግ የደም ስኳር ምርመራ ሲመጡም ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ከምግብ መቆየት የግድ ነው። ውጤቱ ከፍ ብሎብን ስንጠይቅ፣ «ምንም አልበላሁም፤ ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት» ይሉናል፤ ስኳሩ ስንት ማንኪያ እንደነበር ስንጠይቅ ደግሞ «እንደ ወትሮው፣ አራት» የሚል መልስ እናገኛለን።