«ጮኸ» የሚበቃው መቼ ነው? የጩኸት ቃላት አመራረጥ

«ጮኸ» ከፍ ያለ ድምፅ መውጣቱን ብቻ የሚናገር ግስ ነው። ጯሂው ደንግጦ ይሁን ተቆጥቶ፣ ሐዘን ደርሶበት ይሁን ሌባ አይቶ፣ ግሱ አይነግረንም። ልብ ወለድ የሚጽፍ፣ ዜና የሚያጠናቅር ወይም የፊልም ንግግር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ክፍተት ሳያይ ሲቀር በአንድ ገጽ ላይ ሁሉም ሰው «ይጮኻል»፤ አንባቢ ግን አንዱንም አይሰማም።

መጀመሪያ ግሱ ራሱ የሚገባባቸውን ቦታዎች እንይ። ሰው ይጮኻል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ዶሮ ይጮኻል። ጥይት ይጮኻል፣ ማንቂያ ደወል ይጮኻል፣ የራበው ሆድ ይጮኻል፣ ጆሮም ይጮኻል። ስልክ ግን ከመጮኽ ይልቅ ቢጠራ ይሻላል፤ «ይጠራል፣ አይነሳም» ነው የምንለው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ «ወደ እግዚአብሔር ጮኸ» ሲባል ደግሞ የጭንቅ ጸሎት ነው፤ ድምፁ ባይሰማም ጩኸት ነው። ሕዝብ «ጮኸ» ሲባልም አቤት አለ ማለት ነው፤ በወረቀት የቀረበ ሊሆን ይችላል።

ትርጉሙን አብዝቶ የሚቀይረው ከኋላው የሚለጠፈው ፊደል ነው። «ጮኸብኝ» ማለት ተቆጣኝ ነው። «ጮኸልኝ» ማለት ስለ እኔ ተናገረ፣ በደሌን አሰማልኝ ነው። አንዲት «ብ» እና አንዲት «ል» ጠላትና ወዳጅ ይለያሉ። «ብ» ሁልጊዜ ቁጣ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ «ውሻው ጮኸበት» አለ፣ «ልተኛ ስል ማንቂያው ጮኸብኝ» አለ፤ በኋለኛው «ብ» የምታሳየው ነገሩ ሰውዬውን መጉዳቱን ነው።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው በሚከተለው ነጥብ ነው። «ጮኸ» ተሳቢ አይወድም። «ስሙን ጮኸ» የሚል ዓረፍተ ነገር የአማርኛ ጆሮ ያለውን ሰው ይጎረብጠዋል፤ «ስሙን እየጠራ ጮኸ» ወይም ባጭሩ «ተጣራ» ይበሉ። «ጠራ» እና «ተጣራ» ራሳቸው ይለያያሉ፤ አጠገብ ያለን ሰው እንጠራዋለን፣ ከማዶ ያለን ሰው ግን ድምፅ ከፍ አድርገን፣ ደጋግመን እንጣራለን። የሰው ንግግር ሲጠቀስም እንዲሁ ነው። «ቁም!» ጮኸ ወታደሩ፣ ብሎ መጻፍ በትርጉም ሥራ የገባ ልማድ ነው። አማርኛው «ቁም!» ብሎ ጮኸ፣ ወይም «ቁም!» አለ ጮኾ ነው። ንግግሩን የሚሸከመው «አለ» ስለሆነ እሱን ከጣሉት ጥቅሱ አየር ላይ ይቀራል።

አሁን አንድ ደካማ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ሴትዮዋ ጮኸች።» ለምን ጮኸች?

ቦርሳዋን ነጥቀዋት ከሆነ «ኡኡ አለች» ነው። ኡኡታ ሰው እንዲደርስ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ሌባ፣ እሳት፣ ድብደባ ባለበት ይሰማል። አፏ ላይ ቃል ማድረግ ከፈለጉ «የሰው ያለህ!» የተዘጋጀ ነው። በዚሁ ቅርጽ «ያገር ያለህ!»፣ «የመንግሥት ያለህ!»፣ «የሕግ ያለህ!» ይባላል። ደራሽ ከጎረቤት ሲጠበቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ፍትሕ ሲጠፋ የኋለኞቹ ይስማማሉ።

መርዶ ተረድታ ከሆነ በመጀመሪያዋ ቅጽበት «እሪ አለች» ነው። እሪታ ድንጋጤ ነው፤ ድንገት ይፈነዳል፣ የሚጠራውም ሰው ላይኖር ይችላል። ሰዓታት አልፈው ሐዘኑ ሲረጋ ድምፁ «ዋይታ» ይሆናል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግጥም እየደረደረች ሟችን የምታወድስ ከሆነ ደግሞ «ሙሾ አወረደች» ይባላል፤ ይህ ሥርዓት ያለው ጥበብ ስለሆነ «ጮኸች» ቢሉት ሙያዋን ማራከስ ነው።

እንባ ካለ ድምፅ ባይኖርም «አለቀሰች» አለ። «አነባች» ጸጥ ያለ ነው፣ እንባው ብቻ ይወርዳል። «ተንሰቀሰቀች» ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ነው። «ተነፋረቀች» ግን ለልጅ ወይም ለመናቅ ነው፤ ያዘነች እናትን «ተነፋረቀች» ማለት ስድብ ነው የሚሆነው። «ለቅሶ» ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «ለቅሶ ሄደ» ሐዘን ሊደርስ ሄደ እንጂ እያለቀሰ ሄደ ማለት አይደለም። «ትናንት ለቅሶ ሰማሁ» ብለው ከጻፉ አንባቢ ድምፅ ይሁን የሞት ወሬ አይለይም።

ተደስታ ከሆነስ? «እልል አለች።» በሠርግ፣ በክርስትና፣ ታቦት ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ ጩኸት አይባልም፤ የቱንም ያህል ቢደምቅ።

ሕመም ላይ ከሆነች «አቃሰተች» ወይም «ቃተተች» ነው፤ ሁለቱም ከጩኸት ዝቅ ያሉ ናቸው።

የቁጣው ወገን ሰፊ ነው። «አምባረቀ» አለቃ በበታቹ ላይ የሚያወርደው ድንገተኛ ቁጣ ነው፤ «ባረቀ»ም እዚሁ ይገባል፣ ጠመንጃም መብረቅም ይባርቃልና። «ደነፋ» ዛቻ አለበት፤ ሰውዬው ያለውን መፈጸሙ ያጠራጥራል። «ቡራ ከረዩ አለ» ከዚያም ይብሳል፤ ጸሐፊው ጯሂውን እየናቀው ነው። «ፎከረ» እና «አቅራራ» ወግ ያላቸው ናቸው፤ ፉከራም ቀረርቶም የራሱ ቃልና ዜማ ስላለው ለተራ ጠብ አይውልም።

ዜና ላይ «ነዋሪዎች ጩኸታቸውን አሰሙ» የሚለው በጣም ተለምዷል፤ መረጃ ግን አይሰጥም። ደብዳቤ ካስገቡ «አቤቱታ አቀረቡ»፣ ሹሙን ለምነው ከሆነ «ተማጸኑ»፣ ለጋዜጠኛ ምሬታቸውን ከነገሩ «ቅሬታ አሰሙ» ይሁን። «ሮሮ» የሚስማማው ተቀባይ ለሌለው፣ ለተደጋገመ ምሬት ነው። ማንም ያልሰማው ከሆነ «የቁራ ጩኸት ሆነ» የሚል ፈሊጥ አለ። «ጩኸቴን ቀሙኝ» ደግሞ በዳዩ ቀድሞ ተበዳይ መስሎ ሲጮኽ ነው የሚባለው፤ ለማንኛውም ቅሬታ መጠቀም ትርጉሙን ይገለብጣል።

እንስሳትን በፍጥነት እንለፍ። አንበሳ ያገሳል፣ በሬ ያጓራል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ አህያ ያናፋል፣ ሴት ዶሮ ታስካካለች፣ ወፎች ይንጫጫሉ። ውሻ ሰው ሲያይ ይጮኻል፣ በሌሊት ድምፁን እየጎተተ ሲያሰማ ግን ያላዝናል። ሰው «አገሳ» ከተባለ ጠግቦ መሆኑን ልብ ይበሉ። «አሽካካ»ም ለሰው ሲሆን የሳቅ ቃል ነው።

እሪ፣ ኡኡ፣ ዋይ፣ እልል ብቻቸውን አይቆሙም፤ «አለ» ይከተላቸዋል። «እሪ ብሎ ጮኸ» ይባላል፣ «እሪ ጮኸ» ግን አይባልም። ስም ሲሆኑ «ታ» ይጨምራሉ፦ እሪታ፣ ኡኡታ፣ ዋይታ፣ እልልታ። ከዚያም የሚስማማቸውን ግስ ይሻሉ። «እሪታዋን አቀለጠችው» ያምራል፤ «እሪታ አደረገች» ግን ማንም የማይለው ነው።

ታዲያ «ጮኸ» ራሱ መቼ ይበቃል? ምክንያቱ ገና ሳይታወቅ ሲቀር። «ሌሊት ሰው ጮኸ» የሚል መክፈቻ ጥሩ ነው፤ አንባቢው እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ምክንያቱ ከተገለጠ በኋላ ግን ትክክለኛው ቃል መተካት አለበት።

አጻጻፉ «መጮኽ» እና «መጮህ»፣ «ጩኽ» እና «ጩህ» እየተባለ በሁለቱም ይገኛል። ስሙ «ጩኸት» ስለሆነ በ«ኸ» ቤት መጽናት ወጥነት ይሰጣል፤ ዋናው ነገር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አለማደባለቅ ነው። መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡም «ጩኸት»ን ሳይሆን «ጮኸ»ን ይፈልጉ፤ ጯሂ፣ አስጮኸ፣ ተጯጯኸ የሚሉት ርቢዎች ከግሱ ሥር ነው የሚመጡት። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት (1951 ዓ.ም.) በሀ፣ ለ፣ ሐ ቅደም ተከተል ነው። የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ግን በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ስለሚሄድ ፊደሉን በለመዱት ቦታ ቢያጡት የለም ብለው አይዝጉት።