ሱፐርኮይሊንግ ጂን ላይ ምን እንደሚሰራ በሲባጎ እንዴት እንረዳ

ሱፐርኮይሊንግን፣ ማለትም ዲኤንኤ ከተፈጥሮ ልኩ በላይ መክረሩን ወይ በታች መላላቱን፣ ከመሸምደዳችሁ በፊት እባካችሁ ሲባጎ አምጡ፣ ሁለት ክር ተገምዶ የተሰራ፣ አንድ ክንድ ይበቃል።

አንዱን ጫፍ ጠረጴዛ እግር ላይ እሰሩት፣ ሌላውን ይዛችሁ ከተገመደበት በተቃራኒ አራት አምስት ዙር ፍቱትና እንዳትለቁት። አሁን በክሮቹ መሀል እስክሪብቶ አስገቡ፣ በቀላሉ ይገባል። መልሳችሁ ከመጀመሪያው በላይ አክርሩትና ሞክሩ፣ እምቢ ይላችኋል። ባክቴሪያም ዲኤንኤውን ፈታ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ኔጋቲቭ ሱፐርኮይል የሚባለው ይሄ ነው፣ የኢ ኮላይ ዲኤንኤ ከሴሉ ወጥቶ ሲለካ ከ100 ዙር ወደ 6 ገደማ ይጎድለዋል፣ ስለዚህ ጂን የሚያነበው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ ንባብ የሚጀመርበት ቦታ (ፕሮሞተሩ) ጋ ደርሶ ክሮቹን ሊከፍት ሲል የተወሰነው ስራ ቀድሞ ተሰርቶለታል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሪላክስድ ሲባል የላላ እንዳይመስላችሁ! ሪላክስድ ማለት በተፈጥሮው ልክ፣ በ10.5 ቤዝ ፔር (የሁለቱ ክሮች ጥንድ ፊደል) አንድ ዙር የተገመደ ነው፣ የላላውማ ኔጋቲቩ ነው።

ዲኤንኤውን የሚፈታው ጋይሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ ኤቲፒ (የሴሉን ነዳጅ) እያቃጠለ በአንዴ 2 ዙር ይቀንሳል (ፋርማሲ የምናውቀው አንቲባዮቲክ ሲፕሮ የሚመታው እሱን ነው)። ቶፖአይሶመሬዝ 1 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይላላ ይመልሰዋል።

አሁን ሲባጎውን ወደ መጀመሪያው ልክ መልሱት፣ ጫፉን ሳትለቁ እስክሪብቶውን መሀል ላይ አስገቡና ሳታሽከረክሩ ወደ አንድ ጫፍ ግፉት። ፊቱ ይከራል፣ ኋላው ይላላል። ተመራማሪዎቹ ሊዩና ዋንግ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሉት ይሄንኑ ነው፣ ጂን ሲነበብ ፖሊመሬዙ ራሱ ከፊቱ ፖዘቲቭ (የከረረ) ከኋላው ኔጋቲቭ (የላላ) ይፈጥራል፣ እኔ ትምህርቱ ውስጥ በጣም የምወደው ይሄ ነው ምክንያቱም አንዱ ጂን ሲሰራ ጎረቤቱን ሊያነቃው ወይ ሊያዳክመው እንደሚችል ወዲያው ይገባችኋል።

የፈተና ጥያቄ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የቆመው የትኛው ኢንዛይም ነው በሉ። የተሰጠው ኖቮባዮሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከሆነ ጋይሬዝ ይቆማል፣ ዲኤንኤው ወደ ሪላክስድ ይሄዳል፣ የብዙ ጂኖች ንባብ ይቀንሳል፣ ግን ሁሉም ይቀንሳል ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ የጋይሬዝ የራሱ ጂኖች፣ ጋይር ኤ እና ጋይር ቢ፣ ንባባቸው ይጨምራል፣ ሴሉ የጎደለውን ለመመለስ ተጨማሪ ጋይሬዝ እየሰራ ነው።