በየታካሚው የሚከፈልበት የዓይን ምርመራ ማሽን፦ ወጪው የት ይመዝገብ?

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ የዓይን ምርመራና መነጽር ቤት የከፈተ ሰው ማሽን ሁሉ በግዢ እንደማይገባ ያውቃል። አንዳንዱ አቅራቢ ማሽኑን ያስቀምጥላችኋል፤ እናንተ በተጠቀማችሁ ቁጥር ትከፍላላችሁ። ላቦራቶሪ ያላቸው ሰዎች ነገሩን ያውቁታል፦ ማሽኑ በነፃ ይገባል፣ ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያ ኬሚካሉ) ግን ከዚያው አቅራቢ ይገዛል። በዓይን ሕክምናም አዲስ አይደለም። የስኮትላንዱ ኩባንያ ኦፕቶስ የሬቲና (የዓይን የውስጥ ጀርባ) ምስል ማንሻውን ለዓመታት ያቀረበው በየታካሚው በሚታሰብ ክፍያ ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ሂሳቡ ሲመዘገብ ነው። አንዱ "ልዩ ልዩ ወጪ" ውስጥ ይወረውረዋል፣ ሌላው "የዕቃ ግዢ" ይለዋል። በሁለቱም መንገድ ዋናው ነገር ይጠፋል፦ አንድ ታካሚ ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ስንት ብር ከኪሳችሁ እንደሚወጣ።

መጀመሪያ ውሉን አውጡና ሁለት ጥያቄ ጠይቁት

አንደኛው ጥያቄ፦ "ዛሬ አንድም ታካሚ ባይመጣ ይህን ብር እከፍላለሁ?" መልሱ "አልከፍልም" ከሆነ ወጪው የአገልግሎት ቀጥተኛ ወጪ ነው። ከሌንስና ከፍሬም መግዣው ጋር፣ ከገቢው ሥር ይቀመጣል። መልሱ "ባይመጣም እከፍላለሁ" ከሆነ እንደ ቤት ኪራይ ያለ ቋሚ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው።

ሁለተኛው፦ "ከፍዬ ስጨርስ ማሽኑ የእኔ ይሆናል?" አዎ ከሆነ ስሙ የአጠቃቀም ክፍያ ቢባልም ነገሩ የዱቤ ግዢ ነው። ማሽኑ ቋሚ ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፣ ያልተከፈለው ዕዳ ይሆናል፣ ወጪው በእርጅና ተቀናሽ ለዓመታት ይከፋፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በየወሩ የሚከፍለውን ሙሉውን ወጪ ያደርግና ዓመቱ ሲያልቅ ኪሳራ ያሳያል፤ ማሽኑ ግን ቤቱ ውስጥ ቆሟል።

ከዚያ ደረሰኙን ሁለት ቦታ ከፋፍሉት

አብዛኛው ውል ቅይጥ ነው። ዝቅተኛ የወር ክፍያ አለው፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ በቁጥር ይታሰባል። ለምሳሌ ያህል ይህን ውል እንውሰድ፦ በወር 12,000 ብር እስከ 60 ምርመራ ይሸፍናል፣ ከ60 በላይ ለእያንዳንዱ 180 ብር።

ጥር ላይ አዝመራው ገብቷል፣ ሰውም እጁ ላይ ብር አለ። 95 ሰው ተመረመረ እንበል። ከ60 በላይ ያለው 35 ነው፣ በ180 ሲባዛ 6,300። ጠቅላላ 18,300 ብር። በመዝገባችሁ 12,000ው "የሬቲና ማሽን፣ ቋሚ" በሚለው፣ 6,300ው "የሬቲና ማሽን፣ በምርመራ" በሚለው ይገባል።

ነሐሴ ላይ ዝናቡና የእርሻ ሥራው ሰውን ያስራሉ። 41 ሰው መጣ። ያኔም 12,000 ብሩ አይቀርም፤ ሁሉም ቋሚ ነው። አሁን አካፍሉት። በጥር አንዱ ምርመራ 193 ብር ገደማ አወጣ፣ በነሐሴ 293። ታካሚውን 350 ብር የምታስከፍሉ ከሆነ በጥር ከእያንዳንዱ 157 ብር ይተርፋችኋል፣ በነሐሴ 57 ብቻ። ሂሳቡ "ልዩ ልዩ" ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ማየት አትችሉም ነበር።

እኔ ሁለቱንም የሂሳብ መደቦች ጎን ለጎን፣ በተከታታይ ቁጥር አስቀምጧቸው እላለሁ። ለምሳሌ 5110 እና 5111። አንዳንድ ሒሳብ ሠራተኛ ቋሚውን አርቆ ከመብራትና ከውኃ ጋር ማድረግ ይወዳል። ስህተት አይደለም፤ ግን ውሉን ለማደስ ስትቀመጡ ማሽኑ ስንት እንደበላ ለመደመር ገጽ ስትገልጡ ትውላላችሁ።

ቆጣሪውን በራሳችሁ ደብተር ያዙ

ማሽኑ የሚቆጥረው ታካሚን ሳይሆን ጠቅታን፣ ማለትም እያንዳንዱን የተነሳ ምስል፣ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንዲት እናት ማሽኑ ላይ አገጫቸውን አስቀምጠዋል። ባለሙያው "እማማ፣ ዓይንዎን አያርገብግቡ" ይላል። ያርገበግባሉ። እንደገና ይነሳል። ሞራ ስላለባቸው ሁለተኛውም ይደበዝዛል። ሦስተኛው ይሻላል። የከፈሉት ለአንድ ምርመራ ነው፣ ቆጣሪው ግን ሦስት ብሏል። ላይ የሠራነው ስሌት አንድ ሰው አንድ ጠቅታ ብሎ ነው፤ የእናንተ ውል በጠቅታ ከሆነ የነሐሴው 41 ሰው 60ን አልፎ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ከስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ፣ ማታም ጻፉ። አጠገቡ የታካሚ ብዛት፣ የተደገመ፣ መብራት ሲጠፋ የተቋረጠ፣ ለሥልጠና የተነሳ። እነዚህ ሁሉ ቀጥተኛ ወጪ ውስጥ ይቆያሉ፤ ለብቻ መደብ መክፈት አያስፈልግም። ግን ዓምዱ ካለ የአቅራቢው ሰው ሲመጣ የምትከራከሩበት ነገር አላችሁ። የተበላሸ ምስል እንዳይቆጠር ውሉ ላይ ማስገባት ይቻላል። ሳይጠየቅ ግን ማንም አያስገባላችሁም።

የጎረቤት እናትን፣ የዘመድን ልጅ በነፃ ማየት አይቀርም። ወሎ ላይ ሆኖ "ክፈሉ" ማለት ይከብዳል! ይየዋቸው፤ ነገር ግን ጠቅታው ይመዝገብ። ትምህርት ቤት ሄዳችሁ በዘመቻ ያያችሁት ከሆነ ደግሞ ወጪው ወደ ማስተዋወቂያ ወይም ማኅበራዊ ድጋፍ ይዛወር፤ አለበለዚያ የክሊኒኩ ምርመራ ያለ ጥፋቱ ውድ መስሎ ይታያል።

ማሽኑን ተከትለው የሚመጡ ወጪዎች

የዓይን ጠብታ፣ የፍሎረሰይን (የዓይን መመርመሪያ ቀለም) ወረቀት፣ የአገጭ ማስቀመጫ ወረቀት፣ የማተሚያ ቀለም፦ አላቂ ዕቃ ናቸው፣ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። የጄኔሬተር ነዳጅና ኢንተርኔት አጠቃላይ ወጪ ናቸው።

ማስያዣ ከፍላችሁ ከሆነና የሚመለስ ከሆነ ወጪ አይደለም፤ ከአቅራቢው የምትፈልጉት ሂሳብ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማጓጓዣው ቀላል አይደለም። ማሽኑ የሌላ ሰው ከሆነ ማጓጓዣው የዚያ ጊዜ ወጪ ይሆናል። የራሳችሁ ከሆነ በማሽኑ ዋጋ ላይ ይደመራል።

ማሽን የሌለው የሐይቅ ከተማ ክሊኒክ ታካሚውን በወረቀት ደሴ ልኮ፣ ስለላከው ሰው ሁሉ በወር መጨረሻ ለደሴው ክሊኒክ ቢከፍል፣ ያ የመሣሪያ ወጪ አይደለም። የተገዛ አገልግሎት ነው። ቀጥተኛ ወጪነቱ ግን ያው ነው።

ግብሩ

የሕክምና አገልግሎት ከቫት ነፃ ነው። ስለዚህ ለምርመራ ማሽኑ የከፈላችሁትን ቫት ማስመለስ ካልቻላችሁ ቫቱም የወጪው አካል ይሆናል፦ 100 ብር የተባለው ጠቅታ በመዝገባችሁ 115 ነው። ዊዝሆልዲንግ (ከአቅራቢው ክፍያ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ስትቀንሱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ለአቅራቢው የሰጣችሁት ብር ያንሳል እንጂ ወጪው አያንስም። የጥር ወር ወጪ ያው 18,300 ነው፤ የቀነሳችሁት ለገቢዎች እስክታስገቡ ድረስ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ደግሞ የቱንም ያህል በትክክል ቢመደብ በግብር ጊዜ አይያዝላችሁም።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ፣ የሰኔው ደረሰኝ ሐምሌ ላይ ሊመጣ ይችላል። አትጠብቁት። ሰኔ 30 ማታ ቆጣሪውን አንብቡ፣ በውሉ ዋጋ አስሉ፣ በሰኔ ወጪነት መዝግቡና ተከፋይ ሂሳብ አድርጉት። ደረሰኙ ሲመጣ ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ ከመክፈላችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።